ከጋሪ እስከ ጠያራ፦ የቀድሞዎቹ የአሜሪካ አውቶሞቢሎች አሠራርና የሐረር ጎዳና

በጁገል ግንብ ውስጥ ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደ ግድር መጋላ የሚወርድ አንድ ጠባብ ጎዳና አለ። ስሙ «መኪና ግርግር» ይባላል። ስሙን ብቻ የሰማ እንግዳ በዚያ ጎዳና አውቶሞቢሎች ሲጋፉ፣ ክላክስ ሲጮኽና ጭስ ሲትጎለጎል የሚያይ ይመስለው ይሆናል። ከስፍራው ሲደርስ ግን የሚያገኘው ሌላ ነው፤ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ግርግሩም የስፌት መኪናዎቻቸው ድምፅ ነው። የሐረር ሕዝብ ለጎዳናው ስም ሲያወጣ «መኪና» ያለው በአራት ጎማ የሚሽከረከረውን ሳይሆን በእግር እየተረገጠ በመርፌ የሚወጋውን ነበር።

ይህ የስም አጋጣሚ ተራ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የአውቶሞቢልን ታሪክ ከሥሩ ለመመርመር የሚነሣ ሰው፣ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ያደርሰዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የጠመንጃ ክፍሎችን አንዱ በሌላው ምትክ እንዲገባ አድርጎ የመቅረጽን ዘዴ አዳበሩ። ይህ ዘዴ ከጠመንጃ ወደ ስፌት መኪና፣ ከስፌት መኪና ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌትም ወደ አውቶሞቢል ተላለፈ። ስሙ በኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሁሉ የታወቀው ሲንጀር በ1851 የስፌት መኪናውን ፈጠራ በስሙ ሲያስመዘግብ፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ለሚመጣው አውቶሞቢልም ሳያውቀው መንገድ ጠርጎ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአሜሪካና በአውሮፓ ለተፈጸሙት ነገሮች የተሰጡት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በአገራችን ለተፈጸሙት «ዓ.ም.» ተጨምሮበታል።)

እንደሚታወቀው፣ አንድ መሣሪያ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የሠራው ኅብረተሰብ ጠባይም ታትሞበት ይገኛል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የቀድሞዎቹ የአሜሪካ አውቶሞቢሎች በምን ሐሳብ ተቀረጹ? ማንን አገለገሉ? ባሕርና በረሃ ተሻግረው እንደ ሐረር ካለች ጥንታዊት ከተማ አጥር ሲደርሱስ ምን ሆኑ?

ፈረስ የሌለው ጋሪ

በ1893 መስከረም ወር በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ዱርዬ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በቤንዚን የሚሠራ ሠረገላ በጎዳና ላይ ነዱ። ከተማዪቱ በጦር መሣሪያ ፋብሪካዋ የታወቀች መሆኗን ልብ ይሏል። ያ ሠረገላ ከፈረስ ጋሪ የሚለየው ፈረሱ በመጉደሉ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንኰራኵሮቹ ከእንጨት የተሠሩና ረጃጅሞች፣ መቀመጫው ከፍ ያለ፣ መሪውም እንደ ጀልባ መቅዘፊያ በእጅ የሚገፋ ዘንግ ነበር። ሠሪዎቹ ሞተሩን ከመቀመጫው ሥር ደበቁት። ምክንያቱም ዓይናቸው ከጋሪ በቀር ሌላ ቅርጽ አልለመደም፤ አዲስ ነገር በአሮጌ ልብስ ተሸፍኖ መውጣቱ በሥነ ጥበብም ቢሆን የታወቀ ነው።

የዚህን ልማድ ጥልቀት ለመረዳት ከአሽከርካሪው ፊት ለፊት የሚገኘውን ሰሌዳ መመልከት ይበቃል። በፈረስ ሠረገላ ዘመን ያ ሰሌዳ የሚቆመው ከፈረሱ ኮቴ የሚፈናጠረው ጭቃ በተሳፋሪው ላይ እንዳይረጭ ነበር። ፈረሱ ሄደ፤ ሰሌዳው ግን ቀረ። በ1901 በዲትሮይት መመረት የጀመረው ትንሹ ኦልድስሞቢል ዝናውን ያተረፈበት ቅርጽ ይኸው ሰሌዳ እንደ በረዶ መንሸራተቻ ወደ ላይ ተጠምልሎ በመሠራቱ ነበር። መኪናው አንድ ሲሊንደር ብቻ ነበረው፤ ዋጋውም 650 ዶላር ነበር። በዛሬውም አውቶሞቢል የፍጥነትና የቤንዚን መጠን መለኪያዎች የተሰኩበት ሰሌዳ ያን የጭቃ መከላከያ ስም በእንግሊዝኛ እንደ ተሸከመ ይኖራል።

በዚያን ጊዜ የወደፊቱ ኃይል የትኛው እንደሚሆን ገና አልተቈረጠም ነበር። በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት 4,192 አውቶሞቢሎች ውስጥ 1,681 በእንፋሎት፣ 1,575 በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ በቤንዚን የሚሠሩት 936 ብቻ ነበሩ። የኤሌክትሪኩ መኪና ጸጥ ያለና ንጹሕ ነበር፤ ነገር ግን ባትሪው ከባድ፣ የጉዞ ርቀቱም አጭር ነበር። የእንፋሎቱ ብርቱ ቢሆንም ውሃው እስኪፈላ ያስጠብቃል። ቤንዚን አሸናፊ የሆነው ከሁሉ ስለ ተሻለ ብቻ ሳይሆን፣ ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ገጠር በቆርቆሮ ተሞልቶ ሊሄድ ስለ ቻለ ጭምር ነው።

ሌላው ታላቅ እርምጃ የመለዋወጫ ጉዳይ ነበር። በ1908 ሦስት ካዲላክ መኪናዎች በእንግሊዝ አገር በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ ተፈታቱ። ክፍሎቹ ተደባለቁ፤ ከዚያም ሦስት መኪናዎች ተደርገው እንደገና ተገጣጠሙና 500 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተነዱ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ መኪና በባለሙያ ሞረድ ተስተካክሎ የሚሠራ፣ ክፍሉም ለሌላ የማይሆን ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ብሎን ለብሎን፣ ማርሽ ለማርሽ ወንድም ሆነ።

ሞዴል ቲ

በዚያው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ ሄንሪ ፎርድ «ሞዴል ቲ» የተሰኘውን መኪና ለገበያ አቀረበ። ይህ መኪና ለዓይን የሚያምር አልነበረም፤ ቁመቱ የረዘመ፣ ጎኑ የጠበበ፣ እግሩ የቀጠነ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍሉ አንድን ሰው በማሰብ የተሠራ ነው፤ ያም ሰው ከከተማ ርቆ በጭቃና በድንጋይ መንገድ የሚኖር ገበሬ ነው።

ሞተሩ አራት ሲሊንደሮች በአንድ ብረት ውስጥ አብረው የተቀለጡበት ሲሆን ጉልበቱ 20 የፈረስ ጉልበት ነበር። የሲሊንደሮቹ ራስ ተፈትቶ የሚነሣ በመሆኑ ገበሬው ራሱ በጓሮው ሊያጸዳው ይችል ነበር። ሻንሲው ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ በመንገድ መሀል የቀረ ድንጋይ አይነካውም። ባሌስትራዎቹ በመኪናው ርዝመት ሳይሆን በስፋቱ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ስለ ተጋደሙ፣ አንደኛው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ጉብታ ላይ ሲወጣ ሻንሲው ሳይሰበር ይታጠፋል። ለዚህም ቫናዲየም የተቀላቀለበት ብረት ቀላልነትንና ጥንካሬን ሰጠው፤ ክብደቱ ከ550 ኪሎ ብዙም አይበልጥም ነበር።

አነዳዱ ለዛሬ ሾፌር እንግዳ ነው። ከወለሉ ላይ ሦስት ፔዳሎች ነበሩ። የግራው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ዝግተኛውን ማርሽ፣ ሲለቀቅ ፈጣኑን ያስገባል፤ የመሀሉ ወደ ኋላ ያስኬዳል፤ የቀኙ ፍሬን ነው። ቤንዚን የሚሰጠው በእግር ሳይሆን ከመሪው ሥር ባለ ዘንግ በእጅ ነበር። ሞተሩ የሚነሣው ከፊት በኩል በማኖቬላ ሲሆን፣ ማኖቬላው አንዳንድ ጊዜ በኃይል ወደ ኋላ ስለሚመለስ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። በኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ማስነሣት የተጀመረው በቻርልስ ኬተሪንግ ፈጠራ በ1912 ካዲላክ ላይ ነው። ይህ ትንሽ መሣሪያ ጉልበተኛ ላልሆነ ሰው ሁሉ የመንዳትን በር ከፈተ።

ሞዴል ቲ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። የቤንዚን ፓምፕ ስለሌለው ነዳጁ ከወንበር ሥር ካለው ታንክ ወደ ሞተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነበር። ስለዚህ ዳገቱ ሲበረታና ታንኩ ሲጎድል ነዳጁ መውረዱን ያቆማል፤ በዚያን ጊዜ አሽከርካሪው መኪናውን አዙሮ በኋላ ማርሽ ሽቅብ ይነዳው ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የሚያውቅ አንባቢ፣ ያን መኪና በዚያ ዳገት ላይ ፊቱን ወደ በረሃው አድርጎ በጀርባው ሲወጣ በዓይነ ኅሊናው ሊመለከተው ይችላል።

የሠራተኛው ላብ

የሞዴል ቲ ዋጋ መጀመሪያ ከ800 ዶላር በላይ ነበር። በ1925 የርካሹ ዓይነት ዋጋ እስከ 260 ዶላር ወረደ፤ ምርቱ በ1927 እስኪቆም ድረስም ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠራ። ይህ ተአምር የመጣው ከወዴት ነው? በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ሥራው ወደ ሠራተኛው እየተንቀሳቀሰ የሚመጣበት የመገጣጠሚያ መሥመር ተዘረጋ። ቀድሞ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የሻንሲ መገጣጠም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 93 ደቂቃ ዝቅ አለ።

ይሁን እንጂ የፈጠነው መኪናው ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ከመኪናው ጋር እንዲፈጥን ተገደደ። አንዱ ብሎን ያስገባል፤ ሌላው ዳዶ ያጠብቃል፤ ሙሉ መኪና ሠርቶ የሚያውቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ይህ ድካምና መሰላቸት ሠራተኛውን አሸሸው። በ1913 ፋብሪካው 14,000 ያህል ሠራተኛ በሥራ ላይ ለማቆየት በዓመቱ ውስጥ ከ50,000 በላይ ሰው መቅጠር ግድ ሆነበት። በጥር 1914 የታወጀው የ5 ዶላር የቀን ደመወዝና የ8 ሰዓት ሥራ የቸርነት ብቻ ሥራ ያልሆነውም ለዚህ ነው። ደመወዙን ለማግኘት ሠራተኛው የቤቱን አያያዝና የኑሮውን ሁኔታ በሚመረምሩ የኩባንያው ሰዎች ዘንድ መፈተሽ ነበረበት።

የመኪናው መልክ እንኳ የዚህ ችኮላ ባሪያ ሆነ። ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ በጥቁር ቀለም ብቻ የተሸጠው የሥራው ፍጥነትና ወጪ ከልዩ ልዩ ቀለም ጋር ስላልተስማማ ነው። በ1924 ዱኮ የተባለው ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም በጄኔራል ሞተርስ መኪና ላይ ሲውል፣ ቀድሞ ቀናት ይወስድ የነበረው ቀለም የመቀባት ሥራ በሰዓቶች የሚቈጠር ሆነ፤ ሰማያዊውና ቀዩም ወደ ጎዳና ወጡ።

በዚህ ጊዜ የአውቶሞቢል ቅርጽ ጌታ ተለወጠ። ጄኔራል ሞተርስ በአልፍሬድ ስሎን መሪነት፣ ገዢው የያዘው መኪና ሳይበላሽበት አዲስ እንዲመኝ የሚያደርግ ዘዴ ያዘ፤ ይኸውም መልኩን በየዓመቱ መለወጥ ነው። በ1927 ሃርሊ ኧርል የተባለ የቅርጽ ባለሙያ ላሳል የተሰኘችውን መኪና ነደፈ፤ በዚያው ዓመትም ኩባንያው ለመልክና ለቀለም ሥራ ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚያረጀው በመንገድ ሳይሆን በሥዕል ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ፎርድ ገበሬው እንዲጠግነው ሠራ፤ ስሎን ከተሜው እንዲሰለቸው ሠራ። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች እስከ ዛሬ ድረስ በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ይታገላሉ።

አውቶሞቢል በኢትዮጵያ ደጅ

የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። የሐረር ገዥ ራስ መኰንን በአውሮፓ ተዘዋውረው የዘመኑን ሥልጣኔ በዓይናቸው ያዩ ሰው ቢሆኑም፣ አውቶሞቢል በአገራቸው ሳይደርስ በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊና አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ እየተሽቀዳደሙ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል አመጡ። እነዚያ መኪናዎች አውሮፓዊ ሲሆኑ፣ አመጣጣቸውም ከቴክኒክ ይልቅ የመንግሥታት ፉክክር መልክ ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንደ ልማዳቸው በአዲሱ መሣሪያ ላይ ለመውጣት አላመነቱም።

ሐረር ራሷ ለጎማ የተሠራች ከተማ አልነበረችም። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት የጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ የሸዋ በር፣ የቡዳ በር፣ የሰንጋ በር፣ የኤረር በርና የፈላና በር። በእነዚህ በሮች የሚገባው ሰውና የጭነት እንስሳ ነበር። በግንቡ ውስጥ ያሉት ሌጣ መንገዶች እንደ ደም ሥር እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል «የእርቅ መንገድ» የሚባለው በጣም የጠበበ በመሆኑ፣ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ቢገናኙበት ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ ለመተላለፍ አይችሉም። ከሞዴል ቲ ግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማው ያለው ርቀት 142 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ያ የትም ጭቃ የማይበግረው መኪና በእርቅ መንገድ ላይ አንድ ክንድ እንኳ ሊገፋ ባልቻለ ነበር። መኪናና ከተማው የታረቁት በሌላ በር ነው፤ በአምስቱ ላይ በተጨመረውና ቀጥ ባለ ጎዳና ወደ ፈረስ መጋላ በሚያስገባው በሐረር በር። የፈረስ ገበያ የነበረው አደባባይ የመኪና ማቆሚያ ሆነ፤ ስሙ ግን እንደዚያ የጭቃ መከላከያ ሰሌዳ ከፈረሱ ጋር አልሄደም።

የጦርነቱ ጎማ

ለገበሬ የተሠራ መሣሪያ በማን እጅ እንደሚገባ ሠሪው አይወስንም። ይህን እውነት የሐረርጌ ሕዝብ በመራራ ትምህርት ቀመሰው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ከደቡብ በኩል በግራዚያኒ መሪነት በኦጋዴን ሲገሰግስ፣ ውሃና ጥይት በበረሃው ላይ ያመላለሱለት ከአሜሪካ የተገዙ የጭነት መኪናዎችና ካተርፒላር ትራክተሮች ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት በ1935 ያወጣው የገለልተኝነት ሕግ ለተዋጊዎች የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ የጭነት መኪናና ነዳጅ ግን በክልከላው ውስጥ አልገቡም። የመንግሥታቱ ማኅበርም ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ተወው። ስለዚህ ከፍ ያለው ሻንሲ፣ የማይሰበረው ባሌስትራ፣ ብሎን ለብሎን የሚተካው ሞተር፣ ለገበሬ ታስቦ የተፈለሰፈው ጥበብ ሁሉ፣ በገበሬው ላይ ዘመተ።

በኢትዮጵያ ወገን ከሐረርና ከጅጅጋ ወደ ኦጋዴን ስንቅና ጥይት ያደረሱት የጭነት መኪናዎች ጥቂቶች ነበሩ። ሆኖም አርበኛው ከመኪና አልበረገገም። ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ቆራሄን ሲከላከሉ በአውሮፕላን ቦምብ ቆስለው ሞቱ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 1 ቀን፣ የተሸሸውን ጦር በመኪና እያሳደደ የመጣው የጠላት ክፍል በሐማንሌ አጠገብ ድንገት ተመታ፤ ታንኮቹም ከቁጥቋጦ መሀል ተይዘው ቀሩ። ግን አንድ ድል የጦርነቱን ሚዛን አልለወጠም። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሐረር ከሰማይ በቦምብ ተደበደበች፤ ሚያዝያ 30 ቀን የግራዚያኒ ጦር ወደ ከተማዪቱ ገባ።

ያ ዘመን ሲያልፍ ከጠባሳው ሌላ አንድ ነገር በጋራዡ ውስጥ ትቶ አለፈ፤ ቋንቋውን። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሽ፣ ፓራፋንጎ የሚሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ፊያት 634 የተባለው የጭነት መኪና «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ በሕዝብ አፍ ቀረ። መኪናው አሜሪካዊ ይሁን ፈረንሳዊ፣ ኢትዮጵያዊው መካኒክ አካላቱን የሚጠራው በእነዚህ ቃላት ነው። ሕዝቡም ቃላቱን እንደ ወረሰ አልተዋቸውም፤ በራሱ ጆሮ አረቃቸው። በመኪና ጣራ ላይ ላለው የዕቃ መጫኛ ኢጣልያኑ የሰጠው ረጅም ስም በእኛ አፍ «ፖርቶ መጋላ» ሆነ። ፈረስ መጋላና ግድር መጋላ ባሉበት አገር፣ ገበያ የሚሄድ ዕቃ የሚጫንበት ቦታ «መጋላ» መባሉ እንዴት ያለ ደስ የሚል ስሕተት ነው!

ጠያራና የጅራት ክንፍ

ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ ድሬ ጠያራ ይባላል። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ነው፤ «ጠያራ» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ የአውሮፕላን ስም ነው። ማሽላና ጫት የሚያበቅል አርሶ አደር የሚኖርበት ምድር «የአውሮፕላን ሜዳ» የሚል ስም ይዞ መኖሩ፣ የ20ኛው መቶ ዓመት ታሪክ በገጠር ስሞች ላይ እንኳ ማኅተሙን እንዳሳረፈ ያመለክታል። የሐረር ሕዝብ ለአንዱ ጎዳናው ስም ከመኪና ወሰደ፤ ለአንዱ ሜዳው ስም ከአውሮፕላን ወሰደ።

የሚያስገርመው አሜሪካዊው የመኪና ነዳፊም በዚያው ዘመን ዓይኑን ከጋሪ አንሥቶ ወደ አውሮፕላን መመለሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ሃርሊ ኧርልና ረዳቶቹ በዲትሮይት አቅራቢያ ባለ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ ባለ ሁለት ጅራቱን የፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን ተመለከቱ። ጦርነቱ አልቆ የ1948 ካዲላክ ሲወጣ በኋላ ፓራፋንጎዎቹ ጫፍ ላይ ትናንሽ የጅራት ክንፎች በቅለው ታዩ። ክንፎቹ ለመኪናው የሚሰጡት ጥቅም አልነበረም፤ አየር ላይ የሚበር ነገር ምሳሌ ብቻ ነበሩ። በየዓመቱም እያደጉ ሄደው በ1959 ካዲላክ ላይ ከመጠን አለፉ፤ ከዚያም እንደ ማንኛውም ፋሽን ጠፉ።

ከመጥፋታቸው በፊት ግን ባሕር ተሻግረው ነበር። በ1960 የፈረንሳዩ ፔዦ በኢጣልያዊው የፒኒንፋሪና ድርጅት የተነደፈውን 404 ሲያወጣ፣ የአሜሪካው የጅራት ክንፍ በመጠን ተቀንሶ፣ በጨዋ ደንብ ተስተካክሎ በኋላ ጎኑ ላይ ተገኘ። 404 ግን ሙሽራ ብቻ አልነበረም። 1,618 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነው ሞተሩ ወደ ጎን አዘንብሎ የተተከለ ነው፤ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር አሸንፏል። ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ በነበረችበት ዘመን የፈረንሳይ መኪና በወደቡና በባቡሩ መሥመር ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር መግባቱ ባሕርያዊ ነበር። እነሆ 404 የሐረር ታክሲ ሆነ፤ የከተማዪቱም መታወቂያ እስከ መሆን ደረሰ።

እዚህ ላይ የስሎን ሐሳብ ተሸነፈ። በሦስትና በአራት ዓመት እንዲሰለች የተነደፈ መልክ በሐረር ጎዳና ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ኖረ። ያኖረው ማን ነው? ፋብሪካው መለዋወጫ ሲያቆም፣ ከአንዱ የሞተ መኪና ልብ አውጥቶ ለሌላው የተከለ፣ የጎደለውን ክፍል ከብረት ቁራጭ ላይ በሞረድ ቀርጾ ያወጣ፣ የተቀደደውን ወንበር መኪና ግርግር ወስዶ ያሰፋ ሠርቶ አደር ነው። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ፣ የሐረርን ዳገትና የሐረርን ኪስ የሚያውቅ መካኒክ ከውጭ የመጣውን መሣሪያ ያገር ልጅ አደረገው። በብሩክላንድስ ሜዳ ለዋንጫ የተደረገው ክፍልን የማለዋወጥ ፈተና በሐረር ጋራዥ ውስጥ ለዕለት እንጀራ በየቀኑ ተደርጓል።

የሚቀረው ጥያቄ

ዛሬ በፈረስ መጋላ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በዝቷል፤ 404 እየተመናመነ ሄዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በ1900 በአሜሪካ ከቤንዚኑ በልጦ የነበረውና በኋላ ተሸንፎ የቀረው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ታሪክ የጣለውን ሁሉ ለዘለዓለም አይጥልም።

ነገር ግን አዲሱ መኪና ከእነማን ሐሳብ ወገን ነው? እንደ ሞዴል ቲ ራሱ ተፈትቶ የሚነሣ፣ ባለቤቱ በጓሮው የሚጠግነው ነው? ወይስ ሲበላሽ የሠሪውን ኩባንያ ደጅ የሚያስጠና የተዘጋ ሣጥን? ይህ የቴክኒክ ባለሙያ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የሐረር መካኒክ ሙያ የጸናው በእጁ ያለው መኪና ሊፈታ የሚችል ስለ ነበረ ነው። መፍታት የማይቻል መሣሪያ የተማሪን እጅ ያስራል፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ረዳት የሚወርደውን ዕውቀትም ያደርቃል።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡ፣ መስጊዶቹና የጌጋር ቤቶቹ ጠባቂ አግኝተዋል፤ ብራናዎችና ጌጦችም በሙዚየሞች ተሰብስበዋል፤ ይህም የሚያኮራ ነው። የጋራዡ ዕውቀት ግን ገና አልተጻፈም። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሥራውን ሲያቆም፣ የ404ን ካርቡራተር ድምፁን ሰምቶ ብቻ የሚያስተካክለው ጆሮ አብሮት ይሄዳል። ያን ጆሮ የሚመዘግብ መምህር፣ ያን እጅ የሚሥል ሠዓሊ፣ የጋራዡን ቃላት ከነምንጫቸው የሚለቅም የቋንቋ ሰው ያስፈልጋል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ከመቶ ዓመት በፊት ሠሪዎቹ ፈረሱን አስወግደው የጭቃ መከላከያውን ያስቀሩት ሳያስቡት ነበር። የሐረር ሕዝብም ፈረሱ ከሄደ በኋላ ፈረስ መጋላን፣ መኪና ግርግርንና ድሬ ጠያራን በስም ጠብቆ አቆየ። ስም ግን ብቻውን ዳዶ አያጠብቅም። ከስሙ ጋር የእጁ ጥበብ እንዲቀር የሚፈልግ ትውልድ፣ መካኒኩ በሕይወት ሳለ ከጋራዡ ደጅ ቆሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።